ሽበቴ ቀለም እምቢ አለ ለምትሉኝ

ጥር ሊገባ ነው። ጥር እኛ ሰሜን ሸዋ ዘንድ የሰርግ ወር ነው፤ የውርጭም ወር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የፀጉር ቀለም ላይ ምን እንደሚያደርሱ ሰው ሲናገር ስለማልሰማ እኔው ልጻፈው።

ድሮ ያስተማርኳችሁ ልጆች አሁን እናንተም ሽበት ጀምሯችኋል (ፎቷችሁን አያለሁ፣ አትደብቁኝ)። ኢንቦክስ የሚመጣልኝ ቅሬታ ሁሌ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ተቀብቼ ግንባሬ ጠርዝና ከጆሮዬ በላይ ነጩ እንዳለ ነው፤ ቀለሙ ፎርጅድ ይሆን?» ይሆናል፣ ገበያው ውስጥ የማይገባ የለም። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችኮላው ነው ባይ ነኝ።

«ለምን አትተዉትም፣ ሽበት እኮ ክብር ነው» የምትሉ ወንድሞች አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ለእናንተ ክብር ነው። ወንድ ሲሸብት ሽማግሌ ተብሎ ለዕርቅ ይጠራል። ሴት ስትሸብት «ምነው ተጎሳቆልሽ?» ትባላለች። ስለዚህ መቀባትም መተውም የባለፀጉሯ ጉዳይ ነው፤ የምትቀባ ግን በወጉ ትቀባ።

ሽበት ሜላኒን የሚባለውን የተፈጥሮ ቀለም ማምረት ካቆመ ሥር የሚወጣ ፀጉር ነው። ብዙ ጊዜ ከጥቁሩ ጠንከር ይላል፣ ቀለምም ቶሎ አያስገባም። ከሥሩ የሚያግዘው የራሱ ቀለም ስለሌለው የሚያገኘው ሁሉ ከተቀባው ነው። ለዚህ ነው ቀላ ቀላ ያሉት የፋሽን ቀለሞች ብቻቸውን ሲደረጉ ሽበቱን ሳይሸፍኑ የሚቀሩት። ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ መሠረት ያስፈልጋል። የእኔ ምርጫ ጥቁር ቡናማው ነው፤ በስልሳ ዓመት ፊት ላይ ድፍን ጥቁር ከሩቅ ያሳብቃል።

አሁን ወደ ብርዱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ቀለሙ ፀጉር ውስጥ የሚጠቁረው በኬሚካል ለውጥ ነው፣ ለውጡ ደግሞ በብርድ ይዘገያል። የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? በጥር ማለዳ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ እያለ፣ በረዶ በመሰለ ውሃ ይበጠብጣል። ከዚያ አንገቱን ሲቆጠቁጠው በ15 ደቂቃ ታጥቦ ይጨርሳል። ነጩ እንዳለ ቢቀር ምን ይገርማል? እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ቤቱን ስታሞቀው ተቀቡ። ፕላስቲክ ቆብ አድርጉ፣ ላዩን በፎጣ ጠቅልሉት። ጥቅሉ ላይ ለሽበት የተጻፈውን ደቂቃ ሙሉውን ጠብቁ፣ አትጨምሩበትም። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መቀመጥ ግን በጭራሽ! እሱ ከሽበት የከፋ ጣጣ ያመጣል።

ሌላው ቅቤያችን ነው። ስንቀባ ግንባራችን ላይ ቫዝሊን የምናደርገው ቀለሙ ቆዳችንን እንዳይዘው አይደል? ታዲያ ቅቤ የጠጣ ፀጉር ላይ ቀለሙ በምን ይያዝ? አንድ ቀን ቀደም ብሎ መታጠብ ነው። በዕለቱ ፈትጎ መታጠብ ደግሞ የራስ ቆዳን ያስቆጣል።

«ሹሩባዬን አላፈርስም፣ ላይ ላዩን ቀቢልኝ» የምትሉም አላችሁ። ሹሩባው ሲፈታ የውስጡ ነጭ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ቀለሙ ይወቀሳል። ፀጉሩን በቀጫጭኑ እየከፈላችሁ፣ ግትሩ ካለበት ከግንባሩ ጠርዝ ጀምሩ። ሥሩ ላይ ቀለም አትቆጥቡ። መበጥበጫው ብረት አይሁን፣ ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን። የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ የለም። ቢዋጥ መርዝ ነው፤ ዱቄቱንም ብጥብጡንም ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩት።

ፀጉር ቤቶቻችን ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ጋ ነው። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከወር በኋላ ቀለም የሚያስፈልጋት ያቺው አንድ ሴንቲ ሜትር ናት። እነሱ ግን በየወሩ ከሥር እስከ ጫፍ ይለቀልቁታል። ጫፉ ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦበት ጥላሸት ይመስላል፣ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ሥሩ ደግሞ የሚበቃውን ሳያገኝ ይቀራል። የምንከፍለው የሙሉ ራስ ነው። «ሥር ብቻ» የሚል ዋጋ ግድግዳው ላይ ለምን አይለጠፍም?

የባሰው ግን ፈተና አለማድረጋቸው ነው። አብዛኛው ቋሚ የፀጉር ቀለም፣ በውሃ የሚበጠበጠው ጥቁር ዱቄት ጭምር፣ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ወይም የቅርብ ዘመዱ አለበት። አውሮፓ ኅብረት ራስ ላይ በሚደረገው ቀለም ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አድርጎበታል። አለርጂው ለዓመታት ምንም ሳይል ቆይቶ አንድ ቀን ሊነሣ ይችላል። አንኮበር ያለች ዘመዴ ስንት ዓመት ስትቀባ ኖራ፣ በልጇ ሰርግ ዋዜማ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ተደፈነ። ሙሽሪት እናቷን ሐኪም ቤት ሄዳ ነው የተሰናበተችው። ቀቢዋ ለራሷ እጅ ጓንት አድርጋ ነበር፤ ለእሷ ራስ ግን «ምንም አይልሽም» አለቻት።

«ሂና ይሻለኛል» ለምትሉ፦ ሂና ሂና ከሆነ መልካም ነው። ግን እውነተኛ ሂና ሽበትን ወደ ብርቱካናማ ቀይ ነው የሚወስደው። «ጥቁር ሂና» ብለው ቢያመጡላችሁ ውስጡ ያው ፒፒዲ ሊሆን ስለሚችል ጥቅሉን አንብቡ። ቅንድብ ላይ የፀጉር ቀለም አይደረግም፣ ዓይን ቅርብ ነው።

ሰርጋችሁ እሑድ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ማክሰኞ ማታ ከጆሯችሁ ኋላ ወይም ክርናችሁ ውስጥ ጥቅሉ እንደሚለው ትንሽ ቀብታችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ቀለሙን ለማንም አትስጡት፣ ጣሉት፤ ሻሽ ታምራላችሁ። ሰላም ከሆነ ሐሙስ ታጠቡና ዓርብ እኩለ ቀን ሥር ሥሩን ተቀቡ። ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ በሙሽሮች ሚዜ ተሞልቶ ማን ወረፋ ይሰጣችኋል?