የማኅበሩ መሪ ሲለወጥ ዓላማውስ?

የአንድ የመሐንዲሶች ማኅበር መሪዎች ተለወጡ ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው የአዲሱን ፕሬዚዳንት ስም፣ የተማረበትን አገርና የያዘውን ዲግሪ ነው። ወንበሩን የለቀቀው ምን ሠርቶ ሄደ? የተተካውስ ምን ሊሠራ መጣ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገ ንድፍ አውጥተን ከሥሩ ፊርማችንን የምናሰፍር ተማሪዎች ይህን ጥያቄ የትልልቆቹ ጉዳይ ነው ብለን ልናልፈው አይገባንም። የሙያውን ደረጃ የሚጠብቅ፣ አጥፊውን የሚገሥጽ፣ ለጀማሪው መንገድ የሚያሳይ ማኅበር ከሌለ ዲግሪያችን ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ወረቀት አያልፍም።

ሐሳባችን ይህ ነው፤ የመሪው ዘመን አጭር፣ የማኅበሩ ዓላማ ግን ረጅም መሆን አለበት። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ማኅበሩ ወይ የአንድ ሰው ርስት፣ ወይ በዓመት አንድ ቀን የሚደገስ ድግስ ሆኖ ይቀራል።

ይህን የምንለው በደፈናው እንዳይመስል የእንግሊዝን የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ታሪክ እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማኅበሩ የተመሠረተው ጃንዋሪ 2 ቀን 1818 ለንደን ውስጥ፣ በፍሊት ጎዳና በነበረ ኬንዳል በተባለ ቡና ቤት ነው። የመሠረቱት ባለ ትልቅ ስም ሰዎች አልነበሩም፤ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመርና ጓደኞቹ ገና ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ነበሩ። የተሰበሰቡትም አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው እየነገረ እርስ በርሳቸው ለመማማር ነበር። ፓልመር መሐንዲስን በፈላስፋውና በእጅ ሠራተኛው መካከል ከሚቆም አስተርጓሚ ጋር አመሳስሎታል፤ አስተርጓሚ የሁለቱንም ቋንቋ ማወቅ ግዴታው ነውና።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ማኅበሩ ብዙም አላደገም። ስለዚህ በ1820 ወጣቶቹ ቶማስ ቴልፎርድን ፕሬዚዳንት እንዲሆናቸው ለመኑት። ቴልፎርድ የስኮትላንድ እረኛ ልጅ ነው። ሙያውን የጀመረው በድንጋይ ጠራቢነት ቢሆንም፣ በዚያን ጊዜ በመንገድ፣ በቦይና በድልድይ ሥራው ስሙ የገነነ የ62 ዓመት ሰው ነበር። እርሱም ስሙን ብቻ አውሶ አልተቀመጠም፤ መጻሕፍት እየሰጠ፣ አባሎቹ የሠሩትን ሥራ ጽፈው እንዲያቀርቡና እንዲከራከሩበት እያደፋፈረ አገለገላቸው። በ1828 ማኅበሩ የንጉሥ ቻርተር አገኘ። ለዚሁ ጉዳይ ቶማስ ትሬድጎልድ ያዘጋጀው መግለጫ የሙያው ዓላማ የተፈጥሮን ኃይል ለሰው ልጅ ጥቅም ማዋል መሆኑን ተናገረ። እንግዲህ መሥራቾቹ በወንበሩ አልተጣሉም፤ ማኅበሩን የሚያሳድግ ሰው ፈልገው አስቀመጡበት እንጂ።

ነገር ግን የታሪኩ ሁለተኛ ገጽ እንደ መጀመሪያው ያማረ አይደለም። ቴልፎርድ በ1834 እስኪሞት ድረስ ከወንበሩ አልወረደም። እርሱን የተካው ጄምስ ዎከር እስከ 1845 ቆየ። ሁለት ሰዎች ብቻ ማኅበሩን 25 ዓመት መሩት ማለት ነው። ሁለቱም ታላላቅ መሐንዲሶች ነበሩ፤ ቢሆንም የመሪው መልካምነት የሕግን ቦታ ሊተካ አይችልም። ከዚያ በኋላ የፕሬዚዳንቶቹ ዘመን እያጠረ መጥቶ ዛሬ አንድ ዓመት ብቻ ሆኗል። በእኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ይህ አባባል የሚሠራው ሹመት እንደ ማዕድ በሚታይበት ቤት ነው። የሚወርድበት ቀን አስቀድሞ የተቈረጠበት ሹም ግን የሚቆጨው ያልበላው ሳይሆን ያልጨረሰው ሥራ ይሆናል።

«አንድ ዓመት ለምን ይበቃል? አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተወ ማኅበሩ በየዓመቱ መፈክር ሲለውጥ ሊኖር ነውን?» የሚሉን አሉ። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ መልስ ያስፈልገዋል። በጁን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ፎቅ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ ማኅበሩ እንዲህ ያለ አደጋ በሌሎች ግንባታዎችም ተደብቆ እንዳለ እንዲመረመር አደረገ። ምርመራውን የመሩት ዘመናቸው ካለቀ ብዙ ዓመት የሆናቸው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ፒተር ሃንስፎርድ ናቸው፤ ሪፖርቱም በ2018 ወጣ። እንደዚሁም በ2020 ፕሬዚዳንት የሆኑት ሬቸል ስኪነር ግንባታ ወደ አየር የሚለቀውን ካርቦን መቀነስን የዘመናቸው ዋና ዓላማ አድርገው ነበር፤ እርሳቸው ከወረዱ በኋላም ጉዳዩ የማኅበሩ ሥራ ሆኖ ቀጥሏል። ሰውየው ከወንበር ሲወርድ ከሥራ አይወርድም፤ ዓላማውም የማኅበሩ እንጂ የሰውየው አይደለም። አጭር ዘመን የሚጎዳው ዓላማውን በፕሬዚዳንቱ ኪስ የሚያኖር ማኅበር ነው።

ዓላማው ምን ይሁን? ቢባል ከሁሉ በፊት የሕዝብ ደኅንነት ነው እንላለን። ለዚህም በካናዳ የኩቤክ ድልድይ ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ቴዎዶር ኩፐር በዘመኑ እጅግ የተከበረ የድልድይ መሐንዲስ ነበር። የድልድዩ መካከለኛ ስፋት ከ1600 ወደ 1800 ጫማ ሲጨምር የብረቱ ክብደት እንደገና በሚገባ አልተሰላም። የመንግሥት መሐንዲስ ሥራውን ይመርምረው ቢባል ኩፐር ተቃወመ፤ ስሙ ትልቅ ነበርና ተቃውሞው ተሰማለት። ብረቶቹ መጉበጥ ሲጀምሩም ኩፐር ኒው ዮርክ፣ ሠራተኛው ድልድዩ ላይ ነበር። ኦገስት 29 ቀን 1907 ድልድዩ ወደቀ፤ 75 ሠራተኞች ሞቱ። የገደላቸው የስሌት ስሕተት ብቻ አይደለም፤ «እገሌ የሠራውን ማን ይመረምራል?» የሚለው ልማድ ጭምር ነው። የሙያ ማኅበር የሚያስፈልገው ይህን ልማድ ለመስበር ነው። ራሱ ለታላላቅ ስሞች መስገጃ ከሆነ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል።

የእንግሊዞቹን ማኅበር በሁሉ ነገር አርአያ አናደርገውም። በ1818 የተመሠረተው ማኅበር የመጀመሪያዋን ሴት ፕሬዚዳንት ጂን ቬነብልስን የመረጠው በ2008 ነው፤ 190 ዓመት ፈጅቶበታል። እኅቶቻችን ከእኛ ጋር እኩል በንድፍ ጠረጴዛ ላይ በሚሠሩበት ዘመን እኛ ይህን ያህል መዘግየት ከማን ልንማር ነው?

ወደ አገራችን እንመለስ። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረቱ በአፕሪል 2011 ተጥሎ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ተመረቀ። ሕዝባችን ካለው ላይ አዋጥቷል፤ ብዙ የአገር ልጆችም ደክመውበታል። የግድቡን ንድፍ ያወጡትና የሲቪል ግንባታውን የሠሩት ግን የጣልያን ድርጅቶች ናቸው። ይህን የምንለው ለነቀፋ አይደለም፤ ባለ እውቀት ፈልጎ ማሠራት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ከእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ወጥቶ የሚቀጥለውን ንድፍ ለማውጣት አለመዘጋጀት ነው። ይህን ዝግጅት አንድ ተማሪ ብቻውን፣ አንድ መሥሪያ ቤትም ብቻውን አይፈጽመውም። በሥራው ላይ የዋሉት ያዩትን ጽፈው ለተከታዮቻቸው የሚያስረክቡበት የጋራ ቤት ያስፈልጋል፤ ያም ቤት የሙያው ማኅበር ነው።

ስለዚህ የመሐንዲሶችና የንድፍ አውጪዎች ማኅበር መሪዎች በተለወጡ ቁጥር አራት ነገር እንድንጠይቅ እናሳስባለን። አንደኛ፣ የመሪው ዘመን በሕግ የተወሰነ ነውን? ሁለተኛ፣ የወረደው የሠራውንና ያልጨረሰውን በጽሑፍ ለአባሎቹ ሁሉ አስረክቧልን? ሦስተኛ፣ ያልመረመረውን ፕላን በፊርማው የሚያጸድቅ፣ ስሙንም በገንዘብ የሚያከራይ አባል ቢገኝ ማኅበሩ ይጠይቀዋልን? አራተኛ፣ ተማሪና ጀማሪ መሐንዲስ በስብሰባው የመናገሪያ ቦታ አለውን? ለእነዚህ መልስ የሌለው ማኅበር ሰው ለወጠ እንጂ አመራር ለወጠ አይባልም።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የማኅበር አባል የሆናችሁ ሁሉ ለስብሰባ ስትሄዱ ከእኛ መካከል አንድ ሁለት ተማሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ በዚያ የተነበበውን ጽሑፍም ለክፍል አምጡልን። ጓደኞቻችን ሆይ፣ እኛም ከትልልቆቹ የምንጠይቀውን በራሳችን ቤት እንጀምር። በሚመጣው ምርጫ የተማሪ ማኅበራችን መሪዎች ሲለወጡ፣ የሚወርዱት የሥራና የገንዘብ መግለጫቸውን ጽፈው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይለጥፉ ርክክብ አይደረግ።