ሰው ነው የሚደጎመው ወይስ ቆጣሪ?

ጓዶች! ድጎማ ለደኸየው ነው ይሉናል። እስቲ መንገዱን እንከተለው።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ኃይል አሮጌ አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢውን በነጻ አደለ። ሥራው ደግ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን የሚለወጥ አምፖል ያልነበረውስ ምን ይዞ ይሰለፍ? ኩራዙን?

ያው ስሌት በታሪፉም ተደገመ። በ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ ርካሹ ዋጋ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚፈጅ ደንበኛ ተጠበቀ፤ ከዚያ ሲያልፍ ዋጋው ይወጣል። ደንበኛ ማለት ግን ሰው አይደለም፣ ቆጣሪ ነው! በአንድ ግቢ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ የአምስት ድሃ ፍጆታ ተደምሮ የአንድ ሀብታም ይመስላል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ወንደላጤ ግን ጥቂት እስከፈጀ ድረስ ደመወዙን የሚጠይቀው የለም።

ነገ ቆጣቢ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይደጎም ቢባልም፣ በዚሁ ከሄድን የሚደርሰው ቆጣሪ በስሙ ላለው ነው። በጭስ ዓይኗ የሚቃጠለው እናት ምርጥ ምድጃዋን ከመቀነቷ ፈትታ ትግዛ ማለት ነው?

ቆጣሪ አይርበውም፤ ጭስም አያስለው። ስለዚህ ቤተሰብ ይቆጠር፣ ተከራይ ይመዝገብ፣ ድጎማውም ከሌለው ይጀምር!