የሐረር ቤትና የማሽላው ጉድጓድ

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ለስብሰባም ሆነ ለገበያ ወደ ከተማ ሲወጡ ሙዚየም ጎራ የማለት ልማዳቸው እምብዛም ነው። ሙዚየም የነገሥታት ዘውድና ጎራዴ ማስቀመጫ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነውና አያስደንቅም። በሐረር ከተማ ግን የተራውን ነዋሪ ኑሮ የሚያሳይ ባህላዊ ቤት ለጎብኚ ተዘጋጅቷል፤ ይህ ቤት ገበሬውንም ይመለከተዋል።

ቤቱ በአገሬው ቋንቋ «ገይ ጋር» ይባላል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ነደባ የሚባሉት አምስት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ሲሆን የእያንዳንዱ ሰው መቀመጫ በወግ የተለየ ነው። ግድግዳው ሴቶች በሰፏቸው ሙዳዮችና ሰፌዶች ተሸፍኗል። የቤተሰቡ ሀብትና የሴቶቹ ሙያ እንደ ገቡ በአንድ ጊዜ ይታያል።

ያን ሁሉ ስፌት የሚሞላው እህል ግን ከየት ይመጣ ነበር? አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ አምስት በሮች ነበሩት። ማታ ይዘጋሉ፤ ሲነጋ እህልና ቡና የጫነ ገበሬ ይገባባቸዋል። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለመዘገበው ግንቡም ቤቱም ጠባቂ አላቸው። የቀላቢው ገበሬ ጎተራ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠበቅም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ሲያከማች የኖረው መሬት ውስጥ በቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ ተነቅሎ ሙዚየም አይገባም።

ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። እህሉ ከገባ በኋላ አፉ በድንጋይና በአፈር ይደፈናል። ውስጡ ያለው ንጹሕ አየር ስለሚያልቅ ነቀዝ አይበረታም፤ እርጥበት ከገባ ግን ዳር ዳሩ ይሻግታል። እዚያ የቆየ እህል የመብቀል ኃይሉ ስለሚደክም፣ ለዘር የሚሆነው ዛላ ተመርጦ ከምድጃ በላይ ጢስ ላይ ይሰቀላል። ከሁሉ የሚከፋው ጉድጓዱ እንደተከፈተ ዘሎ መግባት ነው፤ የታፈነው አየር ሰው ይገድላል። ይህን ሳያውቅ የሚወርድ ወጣት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

አንዳንድ የግብርና ባለሙያዎች አየር የማያስገባውን ከረጢት ሲያስተዋውቁ ጉድጓዱን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ያቀርቡታል። ከረጢቱ የሚሠራው ግን ጉድጓዱ በሚሠራበት ዘዴ ነው! ለገበሬው ይህንኑ ቢነግሩት ትምህርቱን ቶሎ በተቀበለ ነበር።

ስለዚህ መሪዎች ሐረር ሲወርዱ ብቻቸውን ሳይሆን አሮጊቶችንና ሽማግሌዎችን ይዘው ቤቱን ይጎብኙ፤ ዕቃውን ሲያዩ የሚያነሡትም ጨዋታ ይጻፍ። ወደ ቀበሌያቸው ሲመለሱም አንድ ጉድጓድ መርጠው ጥልቀቱን ይለኩ፤ አፈሩን፣ አደፋፈኑን፣ ከመግባት በፊት እንዴት እንደሚናፈስና የገባበትን የማሽላ ዓይነት ስም ይመዝግቡ። አንድ ቅጂ ለሙዚየሙ፣ አንድ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። ቆፋሪዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነውና ጥያቄው ከእነሱ ይጀመር፤ ከመኸር በፊት ቢሆን ይመረጣል።