ቬንትሌተሩን ማን ያጥፋው?

መተማን በሚያዝያ ያየ ሰው «ቬንትሌተር አጥፉ» ማለት ድፍረት መሆኑን ያውቃል። ክረምቱም ቢሆን ወበቁ አይጣል ነው። እኔ ግን ልድፈር።

ባለፈው ክረምት አገሬ ገብቼ፣ ለሰሊጥ አረማ ከደጋ ወርዶ በካላአዛር ታሞ የዳነ ልጅ ለመለማመጃ ዘገባ አነጋገርኩ። ጆሯችን የለመደውን የቬንትሌተር ድምፅ መቅረጫው አንድም ሳያስቀር ቀዳው። ልጁ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፤ የወንድሙን ሞት የነገረኝ ቦታ ጭራሽ አይሰማም። አሁን ወደ ቀዬው ሄዷል፤ ስልክም የለው።

በእኔ እምነት ጥፋቱ የመቅረጫው ሳይሆን የእኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሩቅ ህዋ የመጣ የስበት ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው የአሜሪካው ላይጎ እንኳ በራሱ ህንፃ የአየር ማናፈሻ ይረበሻል። ሳይንቲስቶቹ ማናፈሻውን ለአጭር ጊዜ አጥፍተው መሣሪያውን ያያሉ፤ አብሮ የጠፋው ረብሻ የማን እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። ታዲያ ለእኛ ምን ይከብዳል? ማዳመጫ አድርጎ ዝም ያለውን ክፍል ግማሽ ደቂቃ መቅዳት፣ ከዚያ ቬንትሌተሩን፣ ፍሪጁን፣ ኮምፒውተሩን ተራ በተራ ማጥፋት ነው።

«በኤዲቲንግ ይጠፋል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ሞክሬዋለሁ! ቬንትሌተሩን ሳጸዳ ልጁም አብሮ ተጸዳ።

ሙቀቱን እንግዳውን አስፈቅዶ አስር አስር ደቂቃ እየቀዱ፣ በመሃል እያበሩ መቻል ይቻላል። ዲፓርትመንታችንም በመቅረጫ መዋሻው ቅጽ ላይ «ቬንትሌተሩ ጠፍቷል?» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምርልን እላለሁ።