ብሩ ተቆጠረ፣ ወረቀቱስ?

በአዲስ አበባ ያገለገለ ዕቃ የማይሸጥበት ሠፈር የለም። ከመርካቶው ምን አለሽ ተራ ጀምሮ የመኪና ደላሎች እስከሚሰባሰቡባቸው መንገዶች ድረስ ፍሪጁ፣ ጄኔሬተሩ፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ ሞባይሉና የቤት መኪናው በየዕለቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴ አይደለም። የራሱን ዕቃ የሚሸጥ ግለሰብ በመሆኑ ሱቅም ሆነ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የለውም። ገዢው ብሩን ቆጥሮ ያስረክባል፣ ዕቃውን አስጭኖ ይሄዳል። ወረቀት የሚባል ነገር ትዝ የሚለው ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው።

በዚህ ዓይነቱ ገበያ ወረቀት መጠየቅ እንደ ስድብ ይቆጠራል። «አላመንከኝም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ገዢዎችን አፍ ያስይዛል። ይሁን እንጂ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል የወጣው ከዚሁ ከመተማመን አገር ነው። ወረቀት የሚጻፈው ሰው ሁሉ ሌባ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሰው ሁሉ ስለሚረሳና ስለሚሞት ነው። ሻጩ ቢሞት ወራሾቹ የሚያውቁት ወረቀት ላይ ያለውን እንጂ በቡና ቤት የተባለውን አይደለም።

ሕጉ ቃልን ያምናል፣ ግን ያስረዱ ይላል

እስካሁን በሥራ ላይ ያለው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተራ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ለመሸጥ የጽሑፍ ውል ግዴታ ነው አይልም። ሁለት ሰዎች በዕቃውና በዋጋው ከተስማሙ በቃል የተደረገው ሽያጭ ይጸናል። ብዙ ነጋዴ የሚያውቀውም ይህንኑ ነው። ብዙዎች የማያስታውሱት የሕጉን አንቀጽ 2001 ነው። ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት፤ ግዴታው ቀሪ ሆኗል የሚልም እንዲሁ ያስረዳል። በገበያ ቋንቋ ሲነገር፣ ከፍያለሁ ያለ መክፈሉን ያሳይ ማለት ነው። ዕቃውን ወስዶ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ሰው መቀበያ ከሌለው፣ ሻጩ «ቀሪ አለብህ» ብሎ ቢመጣ ጭንቁ የገዢው ነው።

የቀብዱም ነገር ከዚህ የባሰ ነው። በሕጉ አንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያረጋግጣል። በአንቀጽ 1885 ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በስተቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 50,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ የተሻለ ገዢ አግኝቶ ቃሉን ቢያጥፍ 100,000 ብር ይመልሳል ማለት ነው። እንግዲህ ሕጉ ለገዢው የሰጠው መብት ይህን ያህል ነው። ነገር ግን ቀብዱ ሲሰጥ ያየው ደላላው ብቻ ከሆነና ደላላው አዲስ ገዢ ካመጣው ሻጭ ጋር ከተስማማ፣ እጥፉ ቀርቶ ዋናውን ማግኘትም ያዳግታል።

በወረቀት ላይ የሚቀንሰው ዋጋ

ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ወረቀት መኖሩ አይቀርም። ሊብሬው አለ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የሚፈረም ውል አለ፣ የስም ዝውውርም አለ። እዚህ ያለው ችግር ወረቀቱ ሐሰት መናገሩ ነው። ለዝውውሩ የሚከፈለው እንዲቀንስ በሚል በ900,000 ብር የተሸጠ መኪና በውሉ ላይ 400,000 ተብሎ ይጻፋል እንበል። ቀሪው 500,000 ብር በፌስታል ተቋጥሮ ይሰጣል። መኪናው በኋላ ዕዳ ወይም እገዳ ቢገኝበትና ውሉ ቢፈርስ ገዢው የሚያስረዳው የትኛውን ዋጋ ነው? በአንቀጽ 2005 መሠረት የተፈረመ ሰነድ በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነው። በገዛ ፊርማው 400,000 ያለ ሰው 900,000 ነበር ብሎ ለመከራከር ሲነሣ ሕግ በማጭበርበሩ ላይ ተጠያቂነቱም ይከተለዋል። ለመንግሥት ሊከፈል የነበረውን ጥቂት ለማትረፍ ሲባል ግማሽ ሚሊዮን ብር ያለ ዋስ ይቀመጣል።

የተሰረቀ ዕቃም ሌላው ሥጋት ነው። አንቀጽ 1165 እንደሚለው የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት ዕቃውን ከገዢው ላይ ማስመለስ ይችላል። ገዢው የከፈለውን ዋጋ ከባለቤቱ የሚያገኘው በቅን ልቦና፣ በንግድ ልማድ መሠረት፣ ተመሳሳይ ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ ወይም ከሕዝብ ገበያ ወይም ከሐራጅ መግዛቱን ካስረዳ ነው። ከመንገድ ላይ ከማያውቀው ግለሰብ የገዛ ሰው ግን የቀረው ሻጩን መፈለግ ብቻ ነው። የሻጩን ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ያልያዘ ሰው የት ብሎ ይፈልገዋል? ይባስ ብሎ ዕቃው በእጁ የተገኘበት ሰው ከፖሊስ ፊት ቆሞ ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል።

ገንዘቡ በስልክ ቢሄድም

ብሔራዊ ባንክ በግንቦት 2012 ዓ.ም. ከባንክ በሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ላይ ገደብ ጣለ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ተቀየሩ፣ ባለ 200 ብርም ወጣ። በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሽያጭ በስልክና በባንክ ዝውውር መፈጸም በመጀመሩ «ከእንግዲህ ደረሰኝ ለምኔ?» የሚል አስተሳሰብ መጥቷል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የባንክ ወረቀት ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው መሄዱን ያሳያል፤ ለምን እንደሄደ ግን አይናገርም። ተቀባዩ «ያበደርኩትን መለሰልኝ» ቢል ወረቀቱ አያስተባብለውም። በሌላ በኩል በስልክ ላይ የሚታይ የመልእክት ምስል ተሠርቶ የሚቀርብበት ማጭበርበር ስላለ፣ ሻጩም ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ መግባቱን ራሱ ሳያይ ዕቃውን ማስረከብ የለበትም።

 በጥሬ ገንዘብ ሲሆን 900,000 ብር በባለ 200 ኖት 4,500 ኖት ነው። ይህን በመኪና ውስጥ ተቀምጦ መቁጠር ለስህተትም፣ ለሐሰተኛ ኖትም፣ ለዘራፊም በር ይከፍታል። ገዢና ሻጭ በሻጩ ባንክ ቅርንጫፍ ቢገናኙ ገንዘብ ተቀባዩ ይቆጥራል፣ ኖቱን ይመረምራል፣ የገቢ ወረቀቱም ለሁለቱም ማስረጃ ይሆናል።

ግብር የሚያስፈራው ወገን

ወረቀት የሚሸሽበት ሌላው ምክንያት ደረሰኝ ሲባል ግብር ትዝ ስለሚል ነው። ሁለቱ መለየት አለባቸው። ያገለገለ ዕቃ መነገድን ሥራው ያደረገ ሰው ነጋዴ ነውና የንግድ ፈቃድና ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠበቅበታል። የቤቱን ፍሪጅ የሚሸጥ ግለሰብ ግን የሚፈርመው የገንዘብ መቀበያ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ አይደለም፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል የሚቀር ማስረጃ ነው።

ወረቀቱም ቢሆን ጠበቃ አይጠይቅም። ቀኑ፣ የሁለቱ ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ ዋጋው በአኃዝና በፊደል፣ የተከፈለውና የቀረው፣ እንዲሁም «ገንዘቡን ተቀብያለሁ» የሚል ቃል ከፊርማ ጋር ይበቃል። ለመኪና የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ ለሞባይል *#06# ሲደወል የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ይጻፋል። ሁለት ምስክር ይፈርምበታል፣ ሁለት ቅጂ ይሆናል። የሚሸጠው ወንድም ወይም ዘመድ ሆኖ ባለንብረቱ ዐረብ አገር ወይም አሜሪካ ከሆነ ደግሞ ውክልናው መሸጥን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ መቀበልንም የሚጨምር መሆኑ ይነበባል።

ይህን ልማድ ለማድረግ ከማንም በላይ የሚችለው ደላላው ነው። ገዢና ሻጭ ምናልባት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ ደላላው ግን ነገም እዚያው ቦታ ነው። ገዢ ወረቀት ሲጠይቅ አለማመን ይመስላል፤ ደላላው ቅጹን ከኪሱ ሲያወጣ ግን የገበያው ሥርዓት ይሆናል፣ ማንም አይቀየምም። ለደላላውም ጥቅም አለው። ከጀርባው ተስማምተው ኮሚሽኑን የሚያስቀሩበት ሰዎች የሚበዙት ያገናኛቸው እሱ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ስለሌለ ነው። ስሙና ኮሚሽኑ በቀብዱ ወረቀት ላይ ቢሰፍር የሚለምነው ሳይሆን የሚጠይቀው ገንዘብ ይኖረዋል።

እስከዚያው ድረስ ገዢው ራሱን መጠበቅ ይኖርበታል። ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የሻጩን መታወቂያና የዕቃውን ቁጥር ያስጽፍ። ይህን ለማድረግ አሥር ደቂቃ የማይታገሥ ሻጭ ቢያጋጥመው ዕቃው ምንም ያህል ቢረክስ ይለፈው።