ውክልና ስጥ፤ ባለቤትነትህን ግን አትስጥ

በዛሬው ጊዜ ከትውልድ ቀየው ርቆ የማይማር ወይም ርቆ የማይሠራ ወጣት ጥቂት ነው። ከይፋት ቆላ የወጣው ልጅ አንዱ ጎንደር ይማራል፤ አንዱ አሶሳ ወርዶ በመንግሥት ሥራ ያገለግላል፤ ሌላው ባሕር ተሻግሮ በዐረብ አገር እንጀራውን ይፈልጋል። ሰውየው ይሄዳል እንጂ ንብረቱ አብሮት አይሄድም። በሸዋ ሮቢት ከተማ በአውራ ጎዳናው ዳር ያለው የኪራይ ቤት፣ የሮቢ ወንዝ የሚያጠጣው የሽንኩርት ማሳ፣ በዝናብ የሚዘራው ማሾ፣ ሁሉም በየሥፍራቸው ይቀራሉ። ሽንኩርት ደግሞ ባለቤቱ የዓመት ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ተቀምጦ አይጠብቅም። ስለዚህ በአገር ቤት የሚኖር ሰው መወከል ግድ ይሆናል።

ሥራን ለሌላ ማካፈል ብልኅነት ነው። ሥራን ሲያካፍሉ ባለቤትነትን ጨምሮ ማስረከብ ግን ጉዳት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ቀጭን ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፈዋል።

ይህ ነገር በተራ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ አይምሰልህ፤ በመንግሥትም ላይ ደርሷል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥተህ በአጣዬና በከሚሴ አድርገህ ደሴን ካለፍህ በኋላ ውጫሌን ታገኛለህ። በዚያ ሥፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ መንግሥት ጋራ ውል ተዋዋሉ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣሊያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ የሚገልጽ ነበር። በኢጣሊያንኛው ግን ፈቃዱ ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ኢጣሊያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ነገሩን ሲያውቁ ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉ መፍረሱን አስታወቁ። ነገሩ ግን በወረቀት አላለቀም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ተሻረ።

እዚህ ላይ ልብ በል። በአማርኛው የተሰጠው የመላላክ ሥራ ነበር፤ ተቀባዩ ሊወስድ የፈለገው ግን የባለቤቱን ሥልጣን ነው። ምኒልክ ጦር ነበራቸው፤ እኔና አንተ ግን የለንም። እንግዲህ መጠንቀቅ ያለብን ወረቀቱ ሲጻፍ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ለባለቤቱ አስቦለታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የምንገለገልበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል ይላል። ይኸውም ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ የሰው እጅ ያለውን ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈልና ሰብልን መሸጥ ነው። ለሽንኩርቱና ለማሾው ይህ ይበቃል። ቤትን ለመሸጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ ለመለገስ፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስ ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

ታዲያ ሰው ቤቱን እንዴት ያጣል? ሕጉ የዘጋውን በር ራሱ በፊርማው ሲከፍተው ነው። ወደ ሥራው የሚመለሰው ወጣት አውቶቡስ እንዳያመልጠው ይቸኩላል፤ ጸሐፊውም የተለመደውን ወረቀት አውጥቶ «እንዲያስተዳድር፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ ሌላ ሰው እንዲወክል» ብሎ ይደረድርለታል። ወጣቱ የፈለገው ኪራይ የሚቀበልለት ሰው ነበር፤ የፈረመው ግን ቤቱን በሙሉ ነው።

ስለዚህ አራት ነገር ልብ በል።

አንደኛ፤ የምትሰጠውን ሥራ በስሙ ለይተህ አስጽፍ። በወረቀቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ግሥ አንድ ቁልፍ ነው። የማያስፈልገውን ቁልፍ አትስጥ።

ሁለተኛ፤ «ሌላ ሰው እንዲወክል» የሚለውን ቃል ያለ ብርቱ ምክንያት አታስገባ። በሕጉ ተወካይ ካልተፈቀደለት በቀር ሥራውን ራሱ መሥራት አለበት። ይህን ከፈቀድህ ግን ንብረትህ በማታውቀው ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ሂሳብ ጠይቅ። ተወካይ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሂሳቡን የማሳየት ግዴታ አለበት። የቤቱን ካርታ ከራስህ ዘንድ አኑር፤ ኪራዩም በስምህ በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይግባ።

አራተኛ፤ መሻርን ዕወቅ። በቁጥር 2183 ወካዩ የሰጠውን ሥልጣን በፈለገ ጊዜ ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ይችላል፤ አልሽርም ብሎ ቢዋዋል እንኳ ቃሉ አይጸናም። ነገር ግን መሻር በስልክ «ከእንግዲህ ተው» ማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 922 ውክልናም ሆነ የውክልና መሻሪያ ተረጋግጦ እንዲመዘገብ ያዝዛል። መሻሪያውን ካስመዘገብህ በኋላ ለተከራዩና ለነጋዴው አስታውቅ፤ የውክልናውንም ወረቀት መልሰህ ተቀበል። ወረቀቱን በቀድሞው ተወካይ እጅ ትተህ ሌላ ሰው በዚያ ቢታለል፣ ሕጉ አንተንም ተጠያቂ ያደርግሃል።

ምናልባት «ይህ ሁሉ በወንድም ላይ? ወንድምህን አታምንም ወይ?» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ጥያቄው የሚያሳፍር ስለሆነ ብዙዎቻችን ዝም ብለን እንፈርማለን። ነገር ግን እድሮቻችንን ተመልከት። በብዙ እድሮች የገንዘቡ ሣጥን በሦስት ቁልፍ ይዘጋል፤ አንዱን ሊቀ መንበሩ፣ አንዱን ጸሐፊው፣ አንዱን ገንዘብ ያዡ ይይዛሉ። በዚህ ገንዘብ ያዡ ተሰደብሁ ብሎ አያውቅም። እንዲያውም ቁልፉ ስለ ተከፋፈለ ከሐሜት ይድናል። ወንድምህም እንዲሁ ነው። የቤት መሸጫ ሥልጣን የሌለው ሰው ቤት ሊሸጥ ነው ተብሎ አይታማም፤ ደላላም አይነዘንዘውም። ቤት ቢጠፋ በገንዘብ ይተካ ይሆናል፤ በንብረት የተቀያየሙ ወንድማማቾችን መልሶ ማስታረቅ ግን በጣም ይከብዳል።

ተማሪ ለሆንኸው አንባቢዬ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። በዚህ በቆላው አገር በብዙ ቤት የቤተ ሰቡ ወረቀት አንባቢ ተማሪው ልጅ ነው። አባትህ ወይም አክስትህ በውክልና ወረቀት ላይ አሻራቸውን ከማኖራቸው በፊት ግሦቹን አንድ በአንድ አንብብላቸው፤ ትርጉማቸውንም ንገራቸው። ይህ ከፈተና ውጤት የማያንስ አገልግሎት ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። አንተም ቀደም ብለህ የፈረምኸው ውክልና ካለ ግልባጩን ከሣጥን አውጥተህ በዚህ ሳምንት አንብበው። ከምትፈልገው የበለጠ ሥልጣን ሰጥተህ ብታገኝ፣ ዛሬውኑ ማሳጠር ትችላለህ። አለዚያ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንብሃል።