ጸሐፊው ምን ያድርግበት?

በዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ መምህር ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማደግ ጥናት ማሳተም አለበት። ስለዚህ መምህራን ሻይ ላይ ሲገናኙ የኅትመት ወሬ አይጠፋም፤ የትኛው ጆርናል ቶሎ ይመልሳል፣ የትኛው ያስከፍላል፣ የትኛው ዕውቅና አለው። ያንኑ ጽሑፍ ያለ ክፍያ ተቀምጦ አንብቦ አስተያየት ስለሚጽፈው ገምጋሚ ግን እምብዛም አይወራም። እንዴት እንደሚገመገም አብዛኞቻችን ተምረን አናውቅም። አንድ ቀን የጆርናል አርታኢ ኢሜይል ይልክልናል፤ እኛም በራሳችን ጽሑፍ ላይ ተጽፎ ያየነውን ዓይነት ግምገማ መልሰን እንጽፋለን። የቁጣውም የችኮላውም አጻጻፍ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው።

ለእኔ የግምገማ መለኪያው አንድ ነው፤ ጸሐፊው አንብቦ ሲጨርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ አለበት። ጽሑፉ ይታተም አይታተም የሚለውን የሚወስነው አርታኢው ነው። የገምጋሚው ሥራ ግን ጽሑፉ ውድቅ ቢሆን እንኳ ለሚቀጥለው ጆርናል ተሻሽሎ እንዲሄድ ማስቻል ነው።

እንበል፣ በአንድ ዞን ስላሉ እናቶች የተሠራ ጥናት ለግምገማ ቀረበ። ተመራማሪዎቹ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ የመጡ እናቶችን ጠይቀው፣ 80 በመቶዎቹ የመጨረሻ ልጃቸውን በጤና ተቋም እንደወለዱ አገኙ። ድምዳሜው ላይ ሲደርሱ «በዞኑ 80 በመቶ እናቶች በጤና ተቋም ይወልዳሉ» ብለው ጻፉ። ገምጋሚው ችግሩን ወዲያው አየው፤ «ናሙናው ትክክል አይደለም» ብሎም ጻፈ። ያየው ልክ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ይህን ሲያነብ ስሕተቱ የናሙናው ብዛት ይሁን፣ አመራረጡ ይሁን፣ ወይስ ቀመሩ ይሁን በምን ያውቃል? ብዙ ጊዜ የሚሆነው ቀመሩን እንደገና አስልቶ፣ አንድ አንቀጽ ጨምሮ መልሶ መላክ ነው። ስሕተቱ ግን እንዳለ ይቀመጣል።

ያው ገምጋሚ እንዲህ ብሎ ቢጽፍስ? «ገጽ 6 ላይ እንደተገለጸው መረጃው የተሰበሰበው ለክትትል ጤና ጣቢያ ከመጡ እናቶች ነው። በቤታቸው ከሚወልዱት ብዙዎቹ ለክትትልም ስለማይመጡ ናሙናው ውስጥ የሉም። ስለዚህ ገጽ 11 ላይ ለዞኑ የተሰጠው አኀዝ ከእውነታው ከፍ ይላል። ሠንጠረዥ 3 ግን ስለ ጤና ጣቢያው ተገልጋዮች ጠቃሚ ነገር ይዟል። ርእሱና ድምዳሜው በተገልጋዮቹ ብቻ ቢወሰን፣ ውጤቱም ቤት ለቤት ከተሠራው አገር አቀፍ ዳሰሳ ጋር ቢነጻጸር ጥናቱ ይቆማል። አዲስ መረጃ መሰብሰብ አያስፈልግም።»

የንጽጽሩ ጥቆማ ለወጉ ያህል የገባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በጤና ተቋም የሚፈጸመውን ወሊድ 26 በመቶ አድርጎታል፤ በ2019 የተሠራው አነስተኛ ዳሰሳ ደግሞ 48 በመቶ። እነዚህን ቁጥሮች ከራሱ 80 በመቶ አጠገብ ያስቀመጠ ጸሐፊ አመራረጡ ምን እንዳደረገበት በዓይኑ ያያል። ይህን ለመጻፍ ገምጋሚው የሚያጠፋው ተጨማሪ ጊዜ ምናልባት ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ጸሐፊው ግን የወራት ድካሙን ያተርፍበታል።

እዚህ ላይ የአቅም ነገር መነሣት አለበት። ገምጋሚ ሲጠይቅ ጸሐፊው ሊያደርገው የሚችለውን ቢጠይቅ ደግ ነው። በአንድ ወረዳ ሆስፒታል በአንድ ማይክሮስኮፕ የተሠራን ጥናት የዘረመል ምርመራ ጨምሩበት ማለት ጽሑፉን መግደል ነው። ድምዳሜው ያለዚያ ምርመራ ጨርሶ የማይቆም ከሆነ እርሱን በግልጽ መናገር ይገባል፤ የሚቆም ከሆነ ግን «ይህ ምርመራ ስላልተደረገ እስከዚህ ድረስ ብቻ መናገር ይቻላል» ብላችሁ ጻፉ ማለት ይበቃል። የማይቻል ነገር የሚያዝዙ ግምገማዎችን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሱት ጥሩ ጥያቄ ይዘው በጥቂት መሣሪያ በሚደክሙ ሰዎች ላይ ነውና።

የእንግሊዝኛውም ጉዳይ እንዲሁ። አብዛኛው የአገራችን ተመራማሪ የሚጽፈው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው። ገምጋሚው ሁለት ገጽ ሙሉ ሰዋስው ሲያርም ውሎ የትንተናውን ስሕተት ሳያይ ካለፈ ለማንም አልጠቀመም። ቋንቋው ሐሳቡን የሚሸፍንበት ቦታ ካለ ያንን ዓረፍተ ነገር ጠቁሞ «እንዲህ ማለታችሁ ነው ወይስ እንዲያ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የቀረውን የቋንቋ አራሚ ያየዋል።

መታረምን የሚጠላው ጀማሪ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1936 አልበርት አንስታይን ከረዳቱ ከናታን ሮዘን ጋር የስበት ሞገድ የለም የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቶ ፊዚካል ሪቪው ለተባለው የአሜሪካ ጆርናል ላከ። አርታኢው ጆን ቴት ጽሑፉን ለገምጋሚ ሰጠው፤ ገምጋሚውም አሥር ገጽ ያህል አስተያየት ጻፈ። አንስታይን ተቆጣ። ከመታተሙ በፊት ለሌላ ባለሙያ እንድታሳዩት አልፈቀድኩም ብሎ ጽሑፉን አወጣና በፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ጆርናል እንዲታተም አደረገ።

ገምጋሚው የፕሪንስተኑ ሃዋርድ ፐርሲ ሮበርትሰን ነበር። ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ሊተወው ይችል ነበር። እርሱ ግን የአንስታይን አዲስ ረዳት ከሆነው ከሊዮፖልድ ኢንፌልድ ጋር ተቀራርቦ ስሕተቱ የቱ ላይ እንዳለ አሳየው፤ ገምጋሚው እኔ ነበርኩ ግን አላለም። ጽሑፉ በ1937 ሲታተም ድምዳሜው ተለውጦ ነበር፤ ስሕተቱን ለማጥራት ሮበርትሰን ላደረገው የወዳጅነት እገዛም ምስጋና ሰፍሮበታል። የገምጋሚው ማንነት ከጆርናሉ መዝገብ ተመሳክሮ ይፋ የሆነው በ2005 ነው። ሮበርትሰን በአንስታይን ስም ታላቅነት ፈርቶ ዝም አላለም፤ ታላቁን ሰው አረምኩት ብሎም አልኮራበትም። የያዘው ጉዳይ የጽሑፉ ትክክል መሆን ብቻ ነበር። የስበት ሞገድ እ.ኤ.አ. በ2015 በመሣሪያ ተለክቶ መኖሩ ተረጋግጧል።

ይህን ታሪክ የማነሣው የእኛ የምሁራን ዓለም ጠባብ ስለሆነ ነው። በአንዳንድ መስክ አገር ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የጸሐፊው ስም ቢጠፋም ከርእሱ፣ ከተጠናበት ወረዳና ከጠቀሳቸው ሥራዎች ማን እንደሆነ ይታወቃል። ጽሑፉ የቀድሞ አማካሪው ሥራ እንደሆነ የገባው ወጣት ገምጋሚ «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል፤ የተቀያየመውን ሰው ሥራ ያገኘው ደግሞ ይወርድበታል። ሁለቱም ጽሑፉን አልገመገሙትም። ሰውየውን ካወቅነው፣ ፍቅርም ሆነ ቂም ካለን፣ ለአርታኢው ጽፎ መልቀቅ የሚያስከብር ነገር ነው። የራሴን ጽሑፎች ጥቀሱልኝ እያሉ መዘርዘር ግን ነውር ነው፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም።

መታረም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ የጎደለበትን፣ ምሥጢሩ የላላበትን እያሳየ ያርመዋል። ተማሪውም በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። መምህሩ የት እንደተሳሳተ ሳይነግረው «አይረባም» ብሎ ቢሸኘው ያ ተማሪ ባለቅኔ አይሆንም ነበር።

ገምጋሚ ሁሉን ያያል ማለቴም አይደለም። የብሪታንያ የሕክምና ጆርናል ገምጋሚዎች 9 ከባድ ስሕተቶች ሆን ተብሎ የገቡበት ጽሑፍ ተሰጥቷቸው በአማካይ ያገኙት 3 አይሞላም ነበር። እኔ ከዚህ የተረዳሁት ከመግቢያው መጀመር እንደማይጠቅም ነው። መግቢያ ያግባባል፤ ጸሐፊው ባሰበው መንገድ እንድናስብ ያደርገናል። መጀመሪያ ዘዴውንና ሠንጠረዦቹን አንብቦ፣ ድምዳሜውን ራስ ገምቶ፣ ከዚያ ከጸሐፊው ድምዳሜ ጋር ማስተያየት ይሻላል። ከባዱን ነገር ከላይ፣ የፊደል ግድፈቱን ከታች መጻፍም እንዲሁ፤ ሠላሳ አስተያየት በአንድ ረድፍ ሲደረደር ጸሐፊው ቀላሉን እየመረጠ ያርማል።

ደግሞ አንድ አዲስ ፈተና መጥቷል፤ ያልታተመን ጽሑፍ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ አስገብቶ ግምገማ ማስጻፍ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2023 የምርምር ድጋፍ ማመልከቻ ገምጋሚዎቻቸውን ይህን ከልክለዋል። ጽሑፉ በአደራ የተሰጠ የሰው ሥራ ስለሆነ የእኛም ጆርናሎች አቋማቸውን በግልጽ ቢጽፉ መልካም ነው።

ለአርታኢዎች አንድ ልመና አለኝ፤ ውሳኔውን ለጸሐፊው ስትልኩ የሁሉንም ገምጋሚዎች አስተያየት ለገምጋሚዎቹም ላኩላቸው። ሌላው ያየውን፣ እርሱ ያላየውን ሲያነብ ገምጋሚ ይማራል። ዩኒቨርሲቲዎችም ለዕድገት ነጥብ ሲቆጥሩ በሚገባ የተሠራ ግምገማን ይቁጠሩ። እናንተ አንባቢዎቼ ደግሞ የግምገማ ጥያቄ ሲደርሳችሁ ጊዜ ከሌላችሁ በዚያው ቀን «አልችልም» ብላችሁ መልሱ፤ የሚችል ሰውም ጠቁሙ። እሺ ካላችሁ ግን የጻፋችሁትን ከመላካችሁ በፊት በጸሐፊው ቦታ ሆናችሁ አንብቡት፤ ምን ማስተካከል እንዳለበት ካልነገራችሁት መልሳችሁ ጻፉት።